«ካንሰር የሚገድል ስብ አለ ወይ?» የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ባለፈው ፕሮግራም ስፊንጎሊፒድ ስለሚባለው የስብ ዓይነትና ስለ ካንሰር ካወራሁ በኋላ ከሰሜን ሸዋ ብዙ ስልክ ተደወለ። ሰዓቱ አልበቃንም። በአየር ላይ ቆርጬ የተውኩትን እዚህ ሰፋ አድርጌ ጽፌዋለሁ።

ከሸዋ ሮቢት ሽንኩርት የሚያለማ ወንድም፦ «ዶክተር፣ በሰውነታችን ውስጥ ካንሰርን የሚገድል ስብ አለ ብለዋል። ቅቤና ዘይት ማለትዎ ነው?»

አይደለም ወንድሜ። ድስት ውስጥ የሚገባውን ስብ አይደለም የምልህ። እያንዳንዱ ሕዋስ ስስ የስብ ሽፋን አለው፣ ስፊንጎሊፒዶች የዚያ ሽፋን አካል ናቸው። አንጎልና ነርቭ ላይ በብዛት ይገኛሉ። ለንደን ይሠራ የነበረ ቱዲኩም የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም በፈረንጆቹ 1884 ስለ አንጎል ኬሚስትሪ ሲጽፍ ነው መጀመሪያ ያስተዋወቃቸው። ከዚያ በኋላ መቶ ዓመት ያህል የሕዋስ መሸፈኛ ከመሆን ያለፈ ሥራ አላቸው ብሎ ያሰበ ሰው ጥቂት ነበር።

በ1993 ተመራማሪዎቹ ሊና ኦቤይድ፣ ዩሱፍ ሃኑንና ባልደረቦቻቸው የደም ካንሰር ሕዋሶች ላይ ሴራማይድ የተባለውን ስፊንጎሊፒድ ጨመሩ። ሕዋሶቹ የራሳቸውን ዘረመል ቆራርጠው ሞቱ። ሴራማይዱ መርዝ ስለሆነ አይደለም፣ «በቃህ» የሚል ትእዛዝ ስላደረሳቸው ነው። ሊና ኦቤይድ ዕድሜያቸውን ለዚህ ሥራ ሰጥተው በ2019 ራሳቸው በካንሰር አረፉ፣ ይህን ባሰብኩ ቁጥር ሆዴ ይባባል።

ችግሩ ምን መሰለህ፣ ሕዋሱ ያንኑ ሴራማይድ በኢንዛይም፣ ማለትም አንዱን ነገር ወደ ሌላ በሚቀይርበት መሣሪያው፣ ቆርጦ ስፊንጎሲን ያደርገዋል፤ ከዚያ ፎስፌት የሚባል ቅንጣት ሲለጥፍበት ስፊንጎሲን-1-ፎስፌት ይሆናል። ይሄኛው ደግሞ ተቃራኒውን ነው የሚያዘው፦ ኑር፣ ተባዛ፣ ተንቀሳቀስ። ለእጢው አዲስ የደም ሥር እንዲበቅልም ያግዛል። አንተ መስኖ ታውቃለህ። ውሃው ያው አንድ ውሃ ነው፣ የትኛው መደብ እንደሚጠጣ የሚወስነው የምትከፍተውና የምትደፍነው ቦይ ነው። የካንሰር ሕዋስ የሞቱን ቦይ ደፍኖ የሕይወቱን ይከፍታል። የተመራማሪዋ የሳራ ስፒግል ቡድን ይህን ሚዛን በ1996 ካሳየ ወዲህ ተመራማሪዎች የሚሞክሩት ቦዩን መልሶ መገልበጥ ነው።

ከደብረ ብርሃን አንዲት እህት፦ «ፊቴ በብርዱና በነፋሱ እየደረቀ ሴራማይድ ያለበት ቅባት ገዛሁ። ሻጯ ካንሰርም ይከላከላል አለችኝ።»

ለደረቅ ቆዳ ጥሩ ነው፣ ተቀቢው። የላይኛው ቆዳችን ካለው ስብ በክብደት ግማሽ ያህሉ ሴራማይድ ነው፣ እርጥበት እንዳይወጣ የሚይዘውም እሱ ነው። ካንሰር ይከላከላል የሚለው ግን ውሸት ነው። ለዚያ ብለሽ ተጨማሪ ብር አትክፈይ።

ከመሐል ሜዳ አንድ አባት፦ «ባለቤቴ የጡት ካንሰር ይዟት ኬሞ ጀምራለች። ደክሟታል። አሜሪካ ያለው የወንድሜ ልጅ አዲስ መድኃኒት እየመጣ ነው፣ በስቡ በኩል የሚሠራ ብሎ ነገረን። እሱ እስኪመጣ ኬሞውን አቁመን ጻድቃኔ ማርያም ጸበል ብንወስዳት?»

አባቴ፣ እግዚአብሔር ይማርልዎ። ኬሞውን አያቁሙ። ይህን በአየር ላይም ተናግሬያለሁ፣ አሁንም እደግመዋለሁ።

የወንድምዎ ልጅ አልዋሸም፤ የተሞከሩ ነገሮች አሉ። ስፊንጎሲን-1-ፎስፌትን ደም ውስጥ ለቅሞ የሚይዝ ሶኔፕሲዙማብ የሚባል መድኃኒት በተሰራጨ የኩላሊት ካንሰር ላይ ተሞክሮ የታሰበለትን ግብ አልመታም። ኦፓጋኒብ የሚባል የሚዋጥ መድኃኒት አለ፣ ፎስፌት የሚለጥፈውን ኢንዛይም የሚያግድ ነው፣ በሐሞት ቱቦ ካንሰር ላይ ተሞክሯል። ሴራማይድን ራሱን በጣም ደቃቅ በሆነ የስብ እንክብል ጠቅልለው በደም ሥር የሰጡም አሉ፤ ሴራማይድ ውሃ ውስጥ ስለማይሟሟ እንዲሁ መርፌ ላይ ስበው ሊሰጡት አይችሉም። ይሄም በሰው ላይ የመጀመሪያውን ደረጃ ሙከራ አልፏል። ግን የመጀመሪያ ደረጃ ሙከራ የሚጠይቀው «ስንት ቢሰጥ ሰው ይችለዋል?» ብሎ ነው። «ያድናል ወይ?» የሚለው ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው፤ ብዙው መድኃኒት የሚወድቀውም እዚያ ላይ ነው። ስለዚህ ለባለቤትዎ ዛሬ የሚደርስ ነገር ከዚህ ውስጥ የለም። ካንሰሩ ደግሞ አይጠብቅም።

ሌላም ልንገርዎ። አሁን የምትወስደው ሕክምና ከዚህ ምርምር የራቀ አይደለም። ብዙዎቹ የኬሞ መድኃኒቶች በካንሰሩ ሕዋስ ውስጥ ሴራማይድ እንዲጨምር ያደርጋሉ። ጨረርም እንደዚሁ፦ የሕዋሱን ሽፋን ሲመታው ሴራማይድ እንደሚለቀቅ በላብራቶሪ ታይቷል። እርስዎ ይመጣል ብለው የሚጠብቁትን ሥራ በከፊል ኬሞው አሁኑኑ እየሠራላት ነው።

ጸበሉን ማንም አይከለክልዎትም፣ እኔም አልከለክልም። መድኃኒቷን ይዛ ትሂድ፣ ቀጠሮዋ ግን አይለፋት። ከኬሞ በኋላ ከሰባተኛው እስከ አሥራ አራተኛው ቀን ድረስ ነጭ የደም ሕዋሷ ዝቅ ስለሚል ሰው ተጨናንቆ በሚያድርበት ቦታ ባታድር ይሻላል። ቴርሞሜትር ይግዙ። ትኩሳቷ 38 ከደረሰ ጠዋትን ሳትጠብቁ በዚያው ሰዓት ወደ ሕክምና ውሰዷት።

ከእነዋሪ አንድ መምህር፦ «እህቴ ታክማ ድና ነበር፣ ካንሰሩ ተመለሰ። ያው መድኃኒት ለምን አልሠራም?»

መምህር፣ ምክንያቱ ብዙ ነው፣ አንዱ ግን እዚሁ ውስጥ ነው። ዶክሶሩቢሲን የሚባለውን ቀይ መድኃኒት እህትህ ሳትወስደው አልቀረችም፣ እንደ ጉሉኮስ በቱቦ ሲወርድ ቀይ ሽሮፕ የሚመስለውን። መድኃኒቱ ገብቶ ሴራማይድ ሲበዛ አንዳንዱ የካንሰር ሕዋስ ሴራማይዱ ላይ ስኳር ይለጥፍበታል። ስኳር የተለጠፈበት ሴራማይድ የሞት ትእዛዙን አያደርስም። ይህን የሚሠራው ኢንዛይም መድኃኒቱን በተላመዱ የጡት ካንሰር ሕዋሶች ውስጥ በዝቶ ተገኝቷል። ደግሞ ሴራማይድ ሁሉ አንድ አይደለም። በራስና አንገት ካንሰር ላይ 18 ካርቦን ሰንሰለት ያለው ሴራማይድ ቀንሶ፣ 16 ካርቦን ያለው ጨምሮ ተገኝቷል። «ሴራማይድ ጨምሩና ይለቅ» የሚባለው ለዚህ ነው የማያዋጣው። የእህትህ ሐኪም መድኃኒት ከቀየረላት ሕዋሱ የተላመደውን መንገድ ለማለፍ ነው፣ ተስፋ ቆርጦ አይደለም።

ከደብረ ሲና አንዲት እናት፦ «ወተት ውስጥ ያለው ስብ የአንጀት ካንሰር ይከላከላል ሲባል ሰማሁ። ጾም ላይ ነኝ፣ ልፍታ?»

እናቴ፣ ለዚህ ብለው አይፍቱ። የሰሙት መሠረት አለው፦ በ1990ዎቹ ከወተት የወጣ ስፊንጎሚየሊን የሚባል ስፊንጎሊፒድ የተመገቡ አይጦች ትልቁ አንጀታቸው ላይ የካንሰር መነሻ ምልክት ቀንሶ ታይቷል። ግን አይጥ ላይ ነው። ደግሞም ስፊንጎሊፒድ በስንዴና በአኩሪ አተርም አለ፣ የጾም ምግብዎ ባዶ አይደለም። እርስዎ ራስዎ በሕክምና ላይ ሆነው ክብደት እየቀነሱ ከሆነ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ያኔ ሐኪምዎን ይጠይቁ፣ ለንስሐ አባትዎም ይንገሩ። ሰገራዎ ውስጥ ደም ካዩ ደግሞ ኪንታሮት ነው ብለው ዝም አይበሉ።

ከዓለም ከተማ አንዲት ነርስ፦ «ሁሉም ሙከራ ነው ካሉ፣ ከዚህ ምርምር ለታካሚ የደረሰ አንድም የለም?»

ደርሷል፣ ሲስተር። ጋንግሊዮሳይዶች ስኳር የተሸከሙ ስፊንጎሊፒዶች ናቸው። ጂዲ2 የተባለው ኒውሮብላስቶማ በሚባለው የሕፃናት ካንሰር ሕዋስ ላይ በብዛት ይወጣል። ዲኑቱክሲማብ የሚባለው ፀረ እንግዳ አካል እሱ ላይ ይጣበቅና የልጁን የመከላከያ ሕዋሶች ይጠራበታል። አሜሪካ በ2015 ፈቅዳዋለች። ቀላል ሕክምና አይደለም፤ ጂዲ2 ጤነኛ ነርቭ ላይም ስላለ ልጁን ክፉኛ ያመዋል፣ ሞርፊን የሚባል ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻ አብሮ ይሰጠዋል። እንደዚያም ሆኖ ከፍተኛ አደጋ ላይ ያሉ ሕፃናትን ዕድሜ አራዝሟል። ኦቤይድና ሌሎቹ የደከሙበት ሴራማይድ ገና እዚህ አልደረሰም፣ ይደርሳል ብዬ ግን አምናለሁ።

አንቺ ጋ የሚመጣውን ሕፃን በተመለከተ፦ ሆዱ ላይ ጠጣር እብጠት ካለ፣ ሳይመታ ዓይኑ ዙሪያ ከጠቆረ፣ እየሄደ የነበረ ልጅ በድንገት ማነከስ ከጀመረ፣ የትል መድኃኒት ሰጥተሽ አትመልሽው። ሆዱን አትጫኝው፣ በቀስታ ዳሰስ አድርገሽ በዚያው ቀን ሪፈር ጻፊለት።