ወንዙን ከመሻገራችን በፊት

ክቡራን እንግዶች፣ ውድ ወገኖቼ፤

ዛሬ በዚህ በኮቪንግተን የተሰበሰብነው የሮብሊንግን ድልድይ በእግር ተሻግረን ሲንሲናቲ ለመግባት ነው። ከመነሣታችን በፊት ግን ጥቂት ደቂቃ ስጡኝና ይህ የኦሃዮ ወንዝ ምን እንደነበረ ላስታውሳችሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አሁን በቆምንበት በአሜሪካዋ የኬንታኪ ግዛት ሰው እንደ ከብት ይሸጥ፣ ይለወጥ ነበር፤ ከወንዙ ማዶ በኦሃዮ ደግሞ ባርነት በሕግ የተከለከለ ነበር። በጥር 1856፣ የኦሃዮ ወንዝ በረዶ ሆኖ በጠጠረበት ሌሊት፣ ማርጋሬት ጋርነር የተባለች ነፍሰ ጡር ሴት ከባሏና ከልጆቿ ጋር ከዚሁ ከኮቪንግተን በኩል በበረዶው ላይ ተሻገረች። አሳዳጆቿ ሲንሲናቲ ውስጥ የተጠለለችበትን ቤት በከበቡ ጊዜ፣ ልጄ ወደ ባርነት ከምትመለስ ብላ ትንሿን ሴት ልጇን በገዛ እጇ ገደለች። ያመለጡ ባሪያዎች እንዲመለሱ የሚያዘው የአገሪቱ ሕግም ከሞት የተረፉትን መልሶ ለጌቶቻቸው አስረከበ። ይህን ካነሣሁ በኋላ ስለ ድንጋይና ስለ ብረት መናገር ይከብደኛል፤ ሆኖም የድልድዩ ግንባታ የተጀመረው በዚያው ዓመት ነውና ሁለቱን ታሪኮች ነጣጥዬ ልነግራችሁ አልችልም።

ኬንታኪ ለድልድዩ ኩባንያ ፈቃድ የሰጠችው በ1846 ቢሆንም፣ የእንፋሎት መርከብ ባለቤቶች መንገዳችን ይዘጋብናል ብለው ተቃወሙ፤ ግንባታው ከተጀመረም በኋላ የ1857ቱ የገንዘብ ቀውስ፣ ቀጥሎም የእርስ በርስ ጦርነቱ ሥራውን አስተጓጎሉት። ይሁን እንጂ የድልድዩን አስፈላጊነት ለተጠራጣሪዎች ያስረዳው ራሱ ጦርነቱ ነበር፤ በ1862 ለባርነት የቆሙት የደቡብ ግዛቶች ጦር ወደ ሲንሲናቲ ሲገሰግስ፣ የከተማዋ ተከላካዮች የድንጋይ ከሰል መጫኛ ጀልባዎችን ጎን ለጎን ደርድረው በላያቸው ወታደር አሻግረዋል።

መሐንዲሱ ጆን ሮብሊንግ በሁለቱ የድንጋይ ማማዎች መካከል ያለውን 322 ሜትር ሌላ ምሰሶ ሳያቆም በብረት ሽቦ ገመድ አንጠለጠለው። በታኅሣሥ 1866 ለእግረኞች ሲከፈት በዘመኑ ከነበሩት ተንጠልጣይ ድልድዮች ሁሉ ረጅሙ ነበር፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናትም ከ160,000 በላይ ሰዎች እንደተሻገሩበት ይነገራል። ባርነት በአገሪቱ ሕገ መንግሥት ከተሻረ ገና አንድ ዓመቱ ነበር። ማርጋሬት ግን ይህን አላየችም፤ በ1858 በባርነት ሳለች በታይፎይድ ሞታለች።

እንግዲህ የምንሄደው እርሷ በሄደችበት አቅጣጫ፣ ከደቡብ ወደ ሰሜን ነው። መካከሉ ላይ ስንደርስ ለአንድ ደቂቃ ቆመን፣ በዝምታ ውኃውን እንድንመለከት እለምናችኋለሁ።