ስልኩ በማን እጅ ነው?

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ላነሣ የፈለግሁት የግንባታ ሳይት ላይ ሠራተኛን በሞባይል ስለ ማስተዳደር ነው።

ብዙ ጊዜ የሚቀድመው ጥያቄ «የትኛው አፕሊኬሽን ይሻላል?» የሚለው ነው። እኔ ግን መጀመሪያ የምጠይቀው መረጃውን ማን ያስገባዋል፣ መቼ፣ የት ቆሞ የሚለውን ነው። ማታ ቢሮ ተቀምጦ እያስታወሱ የሚሞላ ፎርም በወረቀትም ይሁን በስልክ ያው ግምት ነው። ስልኩ ግምቱን አሳምሮ በሠንጠረዥ ስለሚያስቀምጠው እንዲያውም ይበልጥ ያሳስታል።

ከስም እንጀምር። በእኛ ፊደል አንድ ስም በሁለት በሦስት መንገድ ይጻፋል። ኃይሉ፣ ሐይሉ፣ ሀይሉ። ለጆሮ አንድ ነው፣ ለስልኩ ግን ሦስት ሰው። ፎርማኑ ፈልጎ ሲያጣው እንደ አዲስ ይመዘግበዋል፤ ክፍያ ሲደርስ የአንዱ ሰው የሥራ ቀን ሁለት ቦታ ተከፋፍሎ ይገኛል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ ቁጥር ስጡት። ቁጥሩ በመታወቂያውና በሄልሜቱ ላይ በጉልህ ይጻፍ። ሰውዬው ሥራ ቢለቅም ቁጥሩ ለሌላ አይተላለፍ፤ ተመልሶ ከመጣ በዚያው ቁጥር ይግባ። ከቁጥሩ ጋር ሙያው፣ የቡድኑ መሪ ማን እንደሆነ፣ ችግር ቢደርስ የሚደወልለት ሰውና የክሬን ወይም የማሽን ኦፕሬተር ከሆነ ፈቃዱ የሚያበቃበት ቀን ይመዝገብ። ለመነሻ ይህ ይበቃል።

ቀጥሎ ጠዋት በሩ ላይ ያለው ሰልፍ ነው። ሂሳቡን ተመልከቱት። 60 ሠራተኛ አለ እንበል። አንዱን ለመመዝገብ 1 ደቂቃ ከፈጀ የመጨረሻው ሰው የሚገባው ከ1 ሰዓት በኋላ ነው። በ10 ሰከንድ ካለቀ ሁሉም በ10 ደቂቃ ይገባል፤ ሁለት ስልክ ካለ ደግሞ በ5 ደቂቃ። ስለዚህ በሩ ላይ ያለው ስክሪን ቁጥር ማስገቢያና አንድ ትልቅ ቁልፍ ብቻ ይኑረው። ሌላው ሁሉ ቆይቶ ይሞላል።

የጣት አሻራ ለግንበኛ አይሆንም ማለት ይቻላል። ብሎኬቱ የጣቱን ቆዳ ይፈጨዋል፣ እርጥብ ሲሚንቶ ደግሞ ያቃጥለዋል፤ መሣሪያው የሚያነበው መስመር ይጠፋል። ሰውዬው አምስት ጊዜ ጣቱን ሲጭን ከኋላው ያለው ሰልፍ ይረዝማል፣ ዘበኛውም በመጨረሻ «እለፍ» ይለዋል። ያን ቀን መዝገቡ ጎደለ ማለት ነው። በር ላይ የተለጠፈ ኪውአር ኮድም እንዲሁ ነው፦ አንዱ ፎቶ አንሥቶ ለጓደኛው ይልክለታል፣ ያኛው ቤቱ ተኝቶ «ገባሁ» ይላል። ከሁሉ የሚሻለው በሚያውቃቸው ሰው እጅ ያለ አንድ ስልክ ነው። ካቦው፣ ማለትም የቡድኑ መሪ፣ የራሱን ቡድን ፊት ለፊት እያየ ይመዘግባል፣ ሰዓት ተቆጣጣሪው ደግሞ ረፋድ ላይ በየሥራ ቦታው ዞሮ ቆጠራውን ያመሳክራል። ሁለቱ ካልተስማሙ ልዩነቱ በዚያው ቀን፣ ሰው ሳይበተን ይፈታል።

በጂፒኤስ የሳይቱን ወሰን አስምሮ ከዚያ ውጭ ምዝገባ መከልከል ጥሩ ነው፣ ግን አጥሩ ላይ ልክክ አድርጋችሁ አታስምሩት። ሰማዩ ገላጣ ከሆነ ስልክ ቦታውን እስከ 5 ሜትር ገደማ በቀረበ ስህተት ያውቃል። ረጅም ሕንፃ ሥር፣ ምድር ቤት ወይም ከሶሌታ (ከኮንክሪት ወለል) በታች ግን ነጥቡ በአሥር ሜትሮች ይዘላል። ከአጥሩ 50 ሜትር ያህል ወጣ አድርጎ ማስመር ብዙ ጭቅጭቅ ያስቀራል። ደግሞ ቦታው የሚነበበው ሲገቡና ሲወጡ ብቻ ይሁን። ሰውን ከሥራ ሰዓት ውጭ መከታተል ተገቢ አይደለም፤ ሠራተኛው ከዚያን ቀን ጀምሮ ስልኩን ማጥፋት ይጀምራል፣ እውነትም አለው።

አሁን ዋናው ነገር ላይ ደረስን። የሰው ብዛት ብቻውን ምንም አይነግረንም። 4 ግንበኛና 4 ረዳት 8 ሰዓት ሠሩ እንበል፤ 8 ሰው በ8 ሰዓት ሲባዛ 64 የሰው ሰዓት ነው። ያን ቀን 40 ካሬ ሜትር ግድግዳ ከቆመ ለ1 ካሬ 1.6 የሰው ሰዓት ሄዷል። በማግስቱ እነዚያው ሰዎች 30 ካሬ ብቻ ሠሩ። ስልኩ 2.1 ብሎ በቀይ ያሳያል፤ ቢሮ ያለው ሰው «ለገሙ» ብሎ ይደመድማል። ካቦው ግን «አሸዋ አልደረሰም፣ 2 ሰዓት ቆመናል» ብሎ ሞልቶ ቢሆን ኖሮ? 8 ሰው በ2 ሰዓት 16 የሰው ሰዓት ነው። ከ64 ላይ ሲነሣ 48 ይቀራል፤ 48 ለ30 ሲካፈል ተመልሶ 1.6። ሰዎቹ እንደ ትናንቱ ነው የሠሩት! የቀረው አሸዋው ነው። በእኔ እምነት በጠቅላላው ሥርዓት ውስጥ ከሁሉ የሚበልጠው ሳጥን ይህ «የቆመበት ምክንያት» የሚለው ነው፤ ብዙ ቦታ ግን እንደ ትርፍ ነገር ባዶ ይተዋል። ካቦው እንዲጽፍ አታስገድዱት፣ እንዲመርጥ አድርጉት፦ ዕቃ፣ ማሽን፣ ውሃ ወይም መብራት፣ ዝናብ፣ ስካፎልዲንግ፣ ፕላን ወይም ፈቃድ መጠበቅ። ከስድስት ካለፈ ማንም አንብቦ አይመርጥም። ምክንያቱ ደግሞ ሥራው እንደቆመ ወዲያው ይመዝገብ፤ ማታ ላይ 2 ሰዓቱ ግማሽ ሰዓት ሆኖ ነው የሚታወሰው።

በቁርጥ የሚሠራውን፣ ማለትም በሰዓት ሳይሆን በሠራው ሥራ የሚከፈለውን፣ ሰዓቱን ባትቆጥሩም መግባት መውጣቱን መዝግቡ። እሳት ቢነሣ ወይም ፎርምወርክ (ኮንክሪት የሚሞላበት ቅርጽ) ቢደረመስ ውስጥ ስንት ሰው አለ የሚለውን የሚመልሰው ያ ዝርዝር ነው። የቁርጥ ሠራተኛም ሰው ነው።

ኔትወርክ ይጠፋል። ስለዚህ መሣሪያው ያለ ኢንተርኔት መዝግቦ ኋላ መላክ የሚችል መሆን አለበት፤ ይህን ከመግዛታችሁ በፊት ስልኩን ከኔትወርክ አውጥታችሁ ራሳችሁ ሞክሩት። እያንዳንዱ መዝገብ ላይ ሁለት ጊዜ ይጻፍ፦ የተሞላበት ሰዓትና ሰርቨሩ ላይ የደረሰበት ሰዓት። የስልኩን ሰዓት ወደ ኋላ የመለሰ ሰው በዚህ ይታወቃል። ሁለት ሰው አንዱን ቅጽ ያለ ኔትወርክ ካረሙ ደግሞ ኋላ የደረሰው የፊተኛውን እንዳያጠፋው አንድ ቡድን በአንድ ስልክ ብቻ ይመዝገብ።

ፎቶ ስትልኩ በዋትስአፕ ወይም በቴሌግራም እንደ ተራ ፎቶ ከላካችሁት ይጨመቃል፣ የተነሣበት ጊዜና ቦታም ይጠፋል። ከብረት ሥራ በኋላ፣ ኮንክሪት ከመሞላቱ በፊት የሚነሣው ፎቶ ነገ ማስረጃ ነው፤ እሱን እንደ ፋይል ላኩት። ሜትር ዘርግታችሁ፣ የአክሲሱን (በፕላኑ ላይ ቦታውን የሚለየውን መስመር) ቁጥር አብራችሁ አንሡት። በግሩፕ የተሰጠ ትእዛዝም በሃምሳ «እሺ» ሥር ተቀብሮ ይቀራል፤ የሥራ ትእዛዝ ሌላ፣ ወሬ ሌላ ቦታ ይሁን።

ሠራተኛው የራሱን መዝገብ ማየት አለበት። ዘመናዊ ስልክ ለሌለው አጭር መልእክት ይበቃዋል። በላቲን ፊደል አንድ መልእክት 160 ምልክት ይይዛል፣ በእኛ ፊደል ግን 70 ብቻ። «ቁ.041፦ ዛሬ 8 መደበኛ፣ 2 ትርፍ ሰዓት ተመዝግቧል። ስህተት ካለ ነገ ጠዋት ይንገሩን።» ይህ ክፍተቱም ነጥቡም ተቆጥሮ 57 ነው፤ በአንድ መልእክት ይሄዳል። ማንበብ ለማይችል ካቦው ማታ ሰዓቱን ጮክ ብሎ ያንብብለት። የጎደለ ሰዓት በማግስቱ ሲነገር በሁለት ደቂቃ ይስተካከላል፤ ክፍያ ቀን ሲነሣ ግን ማንም አያስታውስም፣ ተጎጂው ሁልጊዜ የቀን ሠራተኛው ነው። ሲታረምም አሮጌው ቁጥር አይጥፋ፤ ከጎኑ አዲሱ፣ ያረመው ሰው ስምና ምክንያቱ ይጻፍ።

አዲስ ለምትጀምሩ፦ ወረቀቱን ወዲያው አትጣሉት። ሁለት የክፍያ ዙር ጎን ለጎን አስኪዱና መስመር በመስመር አስተያዩ። ሲለያዩ «ስልኩ ነው ልክ» ብላችሁ አትለፉ፤ ሠራተኛውን ጠርታችሁ ጠይቁት።