ደመወዙ ሳምንት ሳይሞላው የት ይገባል? የአድማጮች ጥያቄና መልስ ስለ ወጪ

በዚህ ሳምንት ስልክ የደወላችሁልን አብዛኞቻችሁ ጭንቀታችሁ አንድ ነው፤ «ሳላስበው ገዛሁ፣ አሁን ብር አጠረኝ።» የቻልኩትን ያህል መልሻለሁ። መልሶቼ ላይ የሚደጋገም ምክር ካገኛችሁ ሆን ብዬ ነው።

ከሳሪስ፦ የማልጠቀምበትን ነገር መግዛት አበዛሁ። አንድ ቀላል ዘዴ ንገሩኝ።

አንድ ሌሊት አሳድሪው። ምግብ፣ መድኃኒትና ትራንስፖርት ካልሆነ በቀር ዛሬ ያየሽውን ዛሬ አትግዢ። ጠዋት ትዝ ካላለሽ ጉዳዩ አለቀ።

ከባህር ዳር፦ ባለቤቴ «ዋጋ ሳይጨምር እንግዛው» ትላለች። ብር ከማስቀመጥ ዕቃ ይሻላል ባይ ናት። ልክ ናት?

በከፊል ልክ ናት ወንድሜ፤ አይቆጧት። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ ያየነውን ሁላችንም እናውቃለን። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ባንክ ለቁጠባ የሚከፍለው ዝቅተኛ ወለድ ደግሞ 7 በመቶ ነው። ሰው ብሩ እጁ ላይ እንዳይረክስበት ቢፈራ አይፈረድበትም።

ግን ፍርሃቱ ሁሉን እንዲያስገዛን መፍቀድ የለብንም። ጤፍ ከሆነ አዎ፣ አቅም ካላችሁ አዲሱ ምርት በደንብ ገበያ ሲገባ የወራቱን ግዙ። ጤፍ ተቀምጦ አይበላሽም። የልጆች ደብተርም እንደዚያው፤ መስከረም ሲደርስ ከሚገዛ ቀደም ብሎ መግዛት ይሻላል። አራተኛው የቡና ስኒ ስብስብ ግን ዋጋው ቢጨምርም ባይጨምር ቤታችሁን አያስፈልገውም። ባለቤትዎን እንዲህ ብለው ይጠይቋት፦ «ዋጋው እንደማይጨምር ብናውቅ እንገዛው ነበር?» አዎ ካለች ግዙት። ዝም ካለች አንድ ሌሊት አሳድሩት።

ከአያት፦ ቴሌግራም ላይ ልብስና ጫማ እገዛለሁ። ብር ሲያጥረኝ በስልኬ እበደርና ደመወዝ ሲገባ እመልሳለሁ። አንድም ቀን አሳልፌ አላውቅም። ችግር አለው?

አለው ልጄ። ይህ ጥያቄ በየጊዜው ይመጣልና ዛሬ ረዘም አድርጌ ልመልሰው።

የስልክ ብድርን አልወቅስም። ቴሌብር በ2013 ሥራ ሲጀምር ብር መላኪያና መክፈያ ነበር። በ2014 መጨረሻ ላይ «መላ» እና «እንደኪሴ» ተጨመሩ። የመጀመሪያው አነስተኛ ብድር ነው። ሁለተኛው ስትከፍዪ የጎደለሽን ይሞላልሻል። ሌሊት ልጁ ለታመመበት አባት ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ የጎረቤት በር ከማንኳኳት ያድነዋል። ለነጋዴም ጥሩ ነው፤ ብሩ ሸቀጥ ይሆናል፣ ሸቀጡ ተሸጦ ብድሩ ይመለሳል። ያንቺ ጫማ ግን ተሸጦ ብድር አይመልስም።

እስቲ አብረን እናስላው። 5,000 ብር ለአንድ ወር ተበደርሽ እንበል፤ ክፍያው ለምሳሌ 8 በመቶ ቢሆን 400 ብር ነው። ብዙ አይመስልም። ደመወዝ ሲገባ 5,400 ትመልሻለሽ። ያ ብር ከደመወዝሽ ላይ ስለጎደለ በሃያኛው ቀን እንደገና ያጥርሻል። እንደገና ትበደሪያለሽ። በየወሩ እንዲህ ከቀጠለ በዓመት 4,800 ብር ለክፍያ ብቻ አወጣሽ ማለት ነው። መጀመሪያ የተበደርሽውን ሊያክል ትንሽ ነው የቀረው። ጫማው ግን ያኔ አልቋል። «አሳልፌ አላውቅም» ያልሽው እውነት ነው፤ የምትመልሺው ግን እንደገና ለመበደር ነው።

አሁን ብድር ካለብሽ በአንድ ጊዜ ልቁረጠው ብለሽ አትጨናነቂ። በዚህ ወር 5,000 ከሆነ በሚቀጥለው 4,000፣ ከዚያ 3,000 እያልሽ ውረጂ። በየወሩ 1,000 ብር ብትቀንሺ በአምስት ወር ትወጫለሽ። በእነዚህ ወራት ልብስ የለም። የሻጮቹን ቻናሎች ድምፅ አጥፊ፤ ብትወጪማ የተሻለ ነው። «የቀረን ሦስት ፍሬ ነው»፣ «ይህ ዋጋ እስከ ዛሬ ማታ ብቻ» የሚለው መልእክት የሚላከው እንዳታስቢ ነው። አንድ ሌሊት ካሳደርሽው የሻጩ ዘዴ አይሠራም። ሌላም አለ። ዕቃውን በእጅሽ ሳትይዢ ብር አትላኪ። ቀብድ ተቀብሎ ቁጥሩን የሚዘጋ ሰው ሞልቷል።

አንድ ነገር ደግሞ በጣም ያሳስበኛል። የስልኩ ብድር አልበቃ ሲል ወደ አራጣ አበዳሪ የሚሄዱ ልጆች አሉ። አራጣ በሕግ የተከለከለ ነው፤ ብዙ ቤት አፍርሷል። እዚያ ደጃፍ እንዳትደርሺ። ለዕቃ አትበደሩ የምለው ለዚህ ነው፤ ስለደጋገምኩት አትቀየሙኝ።

ከአዲስ አበባ፦ የበዓል ባዛር ስገባ ብር አይበረክትልኝም።

የሚገዛውን ዕቃ ቤት ውስጥ ጽፈው ይውጡ። የትራንስፖርቱን ብር ለብቻው ይያዙ፣ የቀረውን ብቻ ይዘው ይግቡ፣ ስልኩን ልጅዎ ይያዝልዎት።

ከአዳማ፦ ዕቁብ ሲወጣልኝ ብሩ በሁለት ሳምንት ያልቃል። ቴሌቪዥን ቀየርኩ፣ ሶፋ ቀየርኩ። ከዚያ መክፈሉ ይከብደኛል።

ዕጣው ቶሎ ስለሚወጣልህ ነው። በወር 2,000 ብር የምትጥልበት የአሥራ ሁለት ሰው ዕቁብ እንበል። በሦስተኛው ወር 24,000 ብር ስታነሳ ያንተ ገንዘብ 6,000 ብቻ ነው። 18,000 ብሩ ዕዳ ነው፤ ያበደሩህ ደግሞ አብረውህ ቡና የሚጠጡ ሰዎች ናቸው። ባትከፍል ዋስህ ይያዛል። ስለዚህ ዕቁብ ከመግባትህ በፊት ብሩ ምን እንደሚሠራ ወስን፤ ለዳኛውም ለባለቤትህም ንገር። ዕጣው በወጣ ቀን ገበያ አትውጣ። ሶፋ ካማረህ ከመጨረሻዎቹ አንዱ ሆነህ አንሣ፤ ያኔ የምትገዛው በራስህ ብር ነው። ለዕቃ አትበደር ስል ዕቁብንም ጨምሬ ነው።

ከሪያድ፦ ፈቃድ ባገኘሁ ቁጥር ለቤተሰብ ሻንጣ ሙሉ ዕቃ እገዛለሁ። አገር ቤት የምልከው ብርም ሲፈለግ የለም።

እህቴ፣ ያን ብር በምን ድካም እንደምታገኚው አውቃለሁ። ስጦታ መስጠት አትተዪ፤ ግን ወደ አገር የምትገቢበት ቀን ሲቆረጥ አንድ ጊዜ ግዢው። በኅዳር «ነጭ ዓርብ» የሚሉት ቅናሽ ሲመጣ በተለይ ተጠንቀቂ። ዕቃ አስወስደው ዋጋውን ከፋፍለው የሚያስከፍሉት «ታቢ» እና «ታማራ» በአራት ጊዜ ክፈዪ ሲሉሽም ብድር መሆኑን አትርሺ።

የምትልኪውን ለሁለት ክፈዪው። አንዱ ለቤተሰብ ወጪ፤ ለምን እንደሆነ በግልጽ ተናግረሽ። ሌላው በስምሽ በተከፈተ ሒሳብ ይግባ። ለእናትሽም ይሁን ለወንድምሽ ውክልና ስትሰጪ ከዚያ ሒሳብ ብር ማውጣትን እንዳይጨምር አድርጊ። ወረቀቱን ሳታስነብቢ አትፈርሚ። ክፉ ሰው ስለሆኑ አይደለም፤ ሁሉም ብር ሲያይ ጉዳይ ይበዛበታል። ሒሳቡን እንዴት እንደምትከፍቺ ባንኩን ራሱን ጠይቂ፣ ደላላ አታስገቢ።

ከሐዋሳ፦ በጥሬ ብር መግዛት ይሻላል ወይስ በስልክ?

ራሱን መግታት ለሚያቅተው ሰው ጥሬ ብር ይሻላል። አሜሪካ ውስጥ የኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ድራዘን ፕሬሌክና ደንካን ሲሜስተር በ2001 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት የቦስተን ሴልቲክስን የቅርጫት ኳስ ጨዋታ ትኬት ለተማሪዎች በጨረታ አቀረቡ። በካርድ እንደሚከፍሉ የተነገራቸው በጥሬ ገንዘብ ከሚከፍሉት እጥፍ ገደማ አቀረቡ። ብር ቆጥሮ መስጠት ያማል፤ ሕመሙ ይጠቅማል። የቤት ኪራዩንና መብራቱን በስልክ ክፈል፤ ለገበያው ግን የሳምንቱን ብር አውጥተህ ያዝ።

ከደብረ ብርሃን፦ ታናሽ ወንድሜ ሲከፋው ይገዛል። ዕቃውን አልጋ ሥር ይደብቃል፣ ሳይከፍተው ይቀራል። ከእናታችን ሳይቀር ተበድሯል። መክረነዋል፣ ተቆጥተነዋል፣ ያለቅሳል፣ ተመልሶ ይገዛል።

አትቆጡት። ይህ የሒሳብ ጉዳይ አይደለም፤ አንድ ሌሊት አሳድረው የሚለው ምክሬም አይበቃውም። ገዝቶ የሚደብቅ፣ እያለቀሰ የሚደግም ሰው ሕክምና ሊያስፈልገው ይችላል። የድባቴ ምልክትም ሊሆን ይችላል። በአቅራቢያችሁ ባለ ሆስፒታል የአእምሮ ጤና ክፍል ይታይ፤ አዲስ አበባ መምጣት ከቻላችሁ አማኑኤል ሆስፒታል አለ። ብቻውን አትላኩት፣ አንተ አብረኸው ሂድ። እስከዚያ ድረስ ማንም ሰው ብር አያበድረው፤ እናታችሁም ጭምር። የዕዳውን ጉዳይ ከሐኪሙ ጋር ከተገናኘ በኋላ ደውሉልኝ፣ አብረን እናያለን።