ዲስክ ከመግዛታችሁ በፊት ኬዙን ክፈቱት

እሷ፦ ጤና ይስጥልን አድማጮቻችን፣ ከደሴ ነው። ጦሳ ዛሬም ጉም ለብሷል፤ ብርዱ አይጣል ነው። ቡናችንን ይዘን ተቀምጠናል። ዛሬ የማወራው የራሴን ጉዳይ ነው።

እሱ፦ ያ ዲስክ ነዋ!

እሷ፦ እሱው ነው። ፒያሳ አካባቢ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሥራ አለኝ። ኮምፒውተሬ እስኪነሳ ድረስ ደንበኛ ቆሞ ይጠብቃል፤ አፍራለሁ። ባለፈው ሳምንት ሐረጎን ወርጄ ኮምቦልቻ ገባሁና ኤስኤስዲ የሚባለውን፣ ከሃርድ ዲስክ የሚፈጥን ማስቀመጫ ገዛሁ። ማስቲካ የምታክል ቀጭን ነገር ናት። ሻጩ "ፈጣኑ ይሄ ነው" አለኝ። ቤት መጥቼ ኬዙን ስከፍት የሚሰካበት ቦታ የለም።

እሱ፦ ፈጣን መሆኑ እውነት ነው። ግን "ኮምፒውተርሽ ምን ዓይነት ነው?" ብሎ መጠየቅ ነበረበት። እንዲህ ያለውን ስሰማ በጣም አዝናለሁ። ሰው ለፍቶ ያገኘው ገንዘብ እኮ ነው።

እሷ፦ ታዲያ ከምን ልጀምር?

እሱ፦ ከዋጋው አትጀምሪ። ስንት ጊጋ ነው ከሚለውም አትጀምሪ። መጀመሪያ ከመብራት ንቀይው፤ ከዚያ ካቻቢቴ ይዘሽ ኬዙን ክፈቺ። ማዘርቦርዱ፣ ማለትም ሁሉም ዕቃ የሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ ላይ ያለውን የዲስክ መሰኪያ እዪ። ሰፊ ጥብጣብ የመሰለ ባለ 40 ቀዳዳ ኬብል ካለው አይዲኢ የሚባለው የድሮ የዲስክ ማገናኛ ነው፤ በጣም የቆየ ስለሆነ እሱ ላይ ገንዘብ አታውጪ። ቀጭን ኬብል ከሆነ ከሱ በኋላ የመጣው ሳታ የሚባለው ማገናኛ ነው። ሳታ እ.ኤ.አ. ከ2003 ገደማ ጀምሮ ገበያ ላይ ያለ ነው። እኔ እዚህ ከተማ የከፈትኳቸው አብዛኞቹ ዴስክቶፖች ሳታ ናቸው።

እሷ፦ የኔም ቀጭን ነው። ሃርድ ዲስኩ ላይ ግን ሁለት ኬብል ተሰክቷል።

እሱ፦ ጠባቡ የዳታ ነው፤ ባለ 7 ፒን ነው። ሰፋ ያለው ባለ 15 ፒን ሲሆን ለኮምፒውተሩ ኃይል ከሚያከፋፍለው ከፓወር ሰፕላዩ ይመጣል። አሮጌውን ሳታወጪ አዲስ ልትጨምሪ ከሆነ ቦርዱ ላይ ባዶ የሳታ መሰኪያ፣ ፓወር ሰፕላዩም ትርፍ ጫፍ እንዳለው እዪ። ትርፍ ከሌለ አንዱን ለሁለት የሚከፍል ኬብል ይሸጣል።

እሷ፦ ያቺ ማስቲካ የምታክለዋስ?

እሱ፦ ኤም ዶት ቱ ትባላለች። ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያጣው እዚህ ላይ ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው። ኤም ዶት ቱ የቅርጹ ስም ነው እንጂ የፍጥነቱ አይደለም። በዚያው ቅርጽ ሳታ የሆነ አለ፤ ከሳታ የሚፈጥነው ኤንቪኤምኢ የሆነም አለ። ሲያዩዋቸው መንታ ናቸው። አንዳንድ ቦርድ ሁለቱንም ይቀበላል፣ አንዳንዱ አንዱን ብቻ። ጥርሱ ላይ ያለው ቁርጥ ፍንጭ ይሰጣል፤ ሳታው አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ቦታ ተቆርጧል፣ ኤንቪኤምኢው አንድ ቦታ። በዚያ ብቻ ተማምነሽ ግን አትግዢ። የቦርዱን ሞዴል ከላዩ አንብቢና ማኑዋሉን ከአምራቹ ድረ ገጽ አውርጂ።

እሷ፦ የገዛኋት ዲስክ ላይ 2280 ይላል።

እሱ፦ ወርዱ 22፣ ርዝመቱ 80 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። ብሎኑ የሚታሰርበት ቀዳዳም ቦርዱ ላይ በዚያው ርቀት መኖር አለበት። ደግሞ አንዳንድ ቦርድ ላይ ኤም ዶት ቱ ሲሰካ ከሳታ መሰኪያዎቹ አንዱ ሥራ ያቆማል። ሰው ሃርድ ዲስኬ ተበላሸ ብሎ ይደነግጣል፤ ወደ ሌላ መሰኪያ ቢያዞረው ይሠራል። ይህም ማኑዋሉ ላይ ይጻፋል።

እሷ፦ ኤም ዶት ቱዋን ቦርዱ ላይ ካለ ሌላ መሰኪያ ጋር የሚያገናኝ አስማሚ ካርድ ግዢና ስኪው ያለኝ ሰው አለ።

እሱ፦ ካርዱ አለ። ግን ባዮሱ፣ ማለትም ኮምፒውተሩን መጀመሪያ የሚያስነሳው ቦርዱ ላይ ያለው ፕሮግራም፣ አሮጌ ከሆነ ዊንዶውስን ከኤንቪኤምኢ ላይ ላያስነሳ ይችላል። ፋይል ታስቀምጪበታለሽ፤ ሲነሳ ግን ያው በአሮጌው ዲስክ ነው። አንቺን ያስቸገረሽ ደግሞ አነሳሱ ነው። እኔን ካልሽ መልሺውና ባለ 2.5 ኢንች የሳታ ኤስኤስዲ ቀይሪ።

እሷ፦ ፍጥነቱ አይቀንስብኝም?

እሱ፦ ቁጥሩን ልንገርሽ። ደህና ሃርድ ዲስክ በሰከንድ 150 ሜጋባይት አካባቢ ያነባል። ሳታ 3 ኤስኤስዲ እስከ 550 ይደርሳል። ኤንቪኤምኢ 3,500 እና ከዚያም በላይ የሚሄድ አለ። ግን ኮምፒውተርሽን የሚያዘገየው የትንንሽ ፋይል ፍለጋ ነው። ሃርድ ዲስክ ውስጥ የሚሽከረከር ሳህን አለ፤ ማንበቢያው ክንድ ከቦታ ቦታ ይመላለሳል። አንዱን ፍለጋ ብቻ 10 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። ዊንዶውስ ሲነሳ ይህን በሺህ ጊዜ ያደርገዋል። ኤስኤስዲ የሚንቀሳቀስ ነገር የለውም። ስለዚህ ቦርድሽ ከሳታ 3 በፊት የነበረው ሳታ 2 ቢሆንና ፍጥነቱ በግማሽ ቢወርድ እንኳ ለውጡን በመጀመሪያው ቀን ታዪዋለሽ።

እሷ፦ ስንት ጊጋ ይበቃኛል?

እሱ፦ ለዊንዶውስና ለጽሕፈት ሥራ 240 ወይም 256 ይበቃል። አሮጌው ሃርድ ዲስክ ጤነኛ ከሆነ ለፋይል ይቀመጥ። ያገለገለ ካቀረቡልሽ ግን ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ስንት ሰዓት እንደሠራ ሳታዪ ገንዘብ አትስጪ። አዲስ ነው ተብሎ ብዙ ሺህ ሰዓት የሠራ ዲስክ በእጄ አይቻለሁ።

እሷ፦ መብራት ድንገት ሲሄድስ? ይሄ ነገር ያሳስበኛል።

እሱ፦ እየጻፈ ሳለ ከጠፋ ኤስኤስዲውም ሃርድ ዲስኩም ሊጎዱ ይችላሉ። መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ የሚይዝ ባትሪ፣ ማለትም ዩፒኤስ ቢኖርሽ ጥሩ ነው። የደንበኞችሽን ፋይል ደግሞ ሌላ ዲስክ ላይ ሳትገለብጪ ዊንዶውስ መጫን አትጀምሪ።

እሷ፦ እሺ፣ ዛሬ ማታ እገለብጣለሁ። ነገ ደግሞ ኬዙን ከፍቼ ፎቶ እልክልሃለሁ።

እሱ፦ የቦርዱ ሞዴል የተጻፈበትን አቅርበሽ አንሺው። ሻጩ ጋ ስትመለሺም ያንን ፎቶ አሳዪው።