ሒሳብሽ ስንት ነው?

እሺ... ዛሬ ስለ ዶሮዎቼ አላወራም ብዬ ነበር። አይቀርልኝም መሰለኝ።

ሐጂ አሉ አይደል፣ ኮምቦልቻ፣ መለዋወጫ ሱቁ። ያ አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ደረሰኝ። ሦስት ቀን ከደሴ ሐረጎን እየወረድኩ ለየሁላቸው። በአቅራቢ፣ በወር፣ በዕቃው ዓይነት። ግሪስ ነክቷቸው እርስ በርስ ተጣብቀዋል፤ በጥፍሬ ነው የማላቅቃቸው። ስጨርስ «እስቲ የዐምናውን የፍሬን ሸራ ግዢ አምጪልኝ» አሉ። መዝዤ ሰጠኋቸው። ሻያቸው እንኳ አልበረደም። መነጽራቸውን አወለቁ። «ወላሂ!»

ከዚያ፣ «ሒሳብሽ ስንት ነው ልጄ?»

እኔ ደግሞ «ደስ ያለዎትን»።

ደስ ያለዎትን! 500 ብር ሰጡኝ፣ መረቁኝ። ሚኒባሱ ሲቀነስ... አልቆጥረውም።

ኢንተርፕረነርሺፕ ተምሬያለሁ እኮ። ኤ ነው ያገኘሁት፣ በዶሮ! የኔ ቢዝነስ ፕላን ላይ በዓመት አንዲት ዶሮ አልሞተችም። ግማሹ ክፍል ዶሮ፣ ግማሹ ከብት ማድለብ። የላይብረሪ ካታሎግ ስንማር የከረምን ልጆች!

ዲዊንማ፣ ያን የላይብረሪ መጻሕፍት በቁጥር የሚመደቡበትን ሥርዓት፣ ሸምድደነዋል። በፈረንጅ 1876 ወጣ፣ አሥር ዋና ክፍሎች፣ የሥራ አመራር ቁጥር 658። ዲዊ፣ ሥርዓቱን ያወጣው ሰውዬ፣ ግን ካርድና መሳቢያ የሚሸጥ ኩባንያ ነበረው። ባንኮችና ኢንሹራንሶች ሳይቀሩ ወረቀታቸውን የሚያደራጁበትን ገዝተውታል። የሐጂን ማዳበሪያ በሉት። ክፍል ውስጥ ግን ስለ ንግዱ ያነሳልን የለም።

ጥፋቱ የኮርሱ ነው ልል ነበር። ግን አስተማሪያችን «ገበያ ወጥታችሁ ሰው ጠይቁ» ብሎን ነበር። እኔ ከጓደኛዬ ገለበጥኩ። እና... አላውቅም።

ዶሮ ብሸጥ እኮ ዋጋ ለመጥራት አላፍርም። ዶሮ በእጅ ይመዘናል። የኔ ግን ደረሰኙም የሳቸው፣ ማዳበሪያውም የሳቸው። ምን ሸጥኩላቸው? ለብቻዬ ስሆን መልሱን አውቀዋለሁ፤ ፊታቸው ስቆም ይጠፋኛል።

ትናንት የጎረቤታቸው ልጅ ደወለ። ሁለት ማዳበሪያ አለን ይላል። «ስንት ታስከፍያለሽ?» በቴክስት ልላክልህ አልኩት። ትራንስፖርት ደመርኩ፣ ቀኑን ደመርኩ። ቁጥሩን ጻፍኩት። አልላክሁትም።

በዛ እንዴ? ደግሞ ከሐጂ ጋር ግድግዳ ነው የሚጋሩት። ቢሰሙስ? «ለኔ ደስ ያለዎትን ብላ» ቢሉ... ቆይ፣ ባይሉስ? እኔ እንጃ...