ደመወዙን ማን ይቁረጠው?

የተከበራችሁ የሥራ ባልደረቦቼ፣ እንደምን ዋላችሁ።

ለዓመታት ፔሮል ሠርቻለሁ። አንድ ቀን አንዲት የጽዳት ሠራተኛ የደመወዝ ወረቀቷን አራት ቦታ አጥፋ መጣች። የሁለት ሰዓት ትርፍ ሰዓት ቀርቶባታል። ለማስተካከል ሦስት ፊርማ አምጪ አልናት፤ ከቅርብ አለቃዋ፣ ከሰው ሀብት፣ ከፋይናንስ። በዚያው ሳምንት የዋና ሥራ አስፈጻሚው ቦነስ መጣ። ደብዳቤው አንድ መስመር ነው። «ይከፈል» ይላል። በዚያው ዕለት ከፈልን። የእሷ ሁለት ሰዓት ግን ለሚቀጥለው ወር አደረ።

አለቃው ክፉ ሰው አልነበሩም። ሰላምታቸው እንኳ ከሁላችንም ይሻል ነበር። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው።

አሜሪካን እንይ፤ ቁጥሩ በደንብ የተያዘው እዚያ ነው። ኢኮኖሚክ ፖሊሲ ኢንስቲትዩት በተባለው የጥናት ተቋም ስሌት፣ በ1965 እ.ኤ.አ. የትልልቅ ኩባንያ ዋና ሥራ አስፈጻሚ የሚያገኘው የሠራተኛውን 20 እጥፍ ገደማ ነበር። በ2023 ወደ 290 እጥፍ ደርሷል። ዓመቱ 250 ያህል የሥራ ቀን አለው እንበል። አለቃው የመጀመሪያውን ቀን ሠርቶ ቤቱ ሳይገባ የሠራተኛውን የዓመት ደመወዝ ጨርሶ አግኝቷል ማለት ነው። በአንድ ቀን! ደግሞ ምሳ ወጥቶ።

«ገበያው ነው የወሰነው» ይሉናል። እስቲ ገበያውን ጠጋ ብለን እንየው። የአለቃው ደመወዝ ሲወሰን ቦርዱ የሌሎች ኩባንያ አለቆችን ዝርዝር ይዘረጋል። የኛ ሰውዬ ከመካከለኛው በታች ነው ብሎ መፈረም የሚፈልግ ቦርድ ብዙ የለም። ስለዚህ ጨመር ይደረጋል። በሚቀጥለው ዓመት የዚያኛው ኩባንያ ቦርድ የኛን ቁጥር አይቶ እሱም ይጨምራል። እንዲህ እየተያዩ ይወጣሉ። የእኛ ተራ ሲደርስ ግን የሚዘረጋው ዝርዝር ሌላ ነው፤ ከእኛ ባነሰ ማን ይሠራል የሚለው። አንዱ ልጅ፣ ሌላው የእንጀራ ልጅ።

ታዲያ ጣሪያ ይበጅለት? ስዊዘርላንድ በ2013 እ.ኤ.አ. «የአለቃው ደመወዝ በዚያው ኩባንያ ካለው ዝቅተኛ ደመወዝ ከ12 እጥፍ አይለፍ» የሚል ሐሳብ ለሕዝብ አቅርባ 65 በመቶ የሚሆነው መራጭ አልተቀበለውም። እኔም ብሆን በጣሪያ ብዙ አላምንም። ገንዘብ መውጫ ቀዳዳ አያጣም። ደመወዙን ስትይዘው በአክሲዮን ይመጣል።

እኔን የሚያጓጓኝ ወንበሩ ነው። ጀርመን በ1976 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ፣ ከ2,000 በላይ ሠራተኛ ባለው ኩባንያ የተቆጣጣሪ ቦርዱ ግማሽ ወንበር የሠራተኛው ነው። የአለቆቹን ደመወዝ የሚወስነውም ይኸው ቦርድ ነው። ድምፅ እኩል ከሆነ ሰብሳቢው ሁለተኛ ድምፅ አለው፤ ሰብሳቢው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከባለአክሲዮኖች ወገን ነው። ስለዚህ ተአምር አልተሠራም። ግን «ይከፈል» የሚለው ደብዳቤ ሳይወጣ በፊት የሠራተኛ ተወካይ አንብቦታል፤ ለምን ብሎም መጠየቅ ይችላል።

ለኅብረት ስምምነቱ የምናቀርበው ሁለት ነገር ነው። የከፍተኛውና የዝቅተኛው ደመወዝ ልዩነት በየዓመቱ ይለጠፍ። ደመወዝ የሚወስነው ኮሚቴ ውስጥ ሁለት ወንበር ይሰጠን። ረቂቁ እጃችሁ ላይ አለ። ሦስተኛው ገጽ ላይ ያለውን አንቀጽ በተለይ እዩልኝ፤ እኔ ራሴ አልረካሁበትም። ነገ ጠዋት እንነጋገርበታለን።

አመሰግናለሁ።