«ድንገት ነከሰው» ከማለታችን በፊት

በግቢያችን ልጆች፣ ውሾችና ሌሎች እንስሳት አብረው ስለሚኖሩበት መንገድ ለወላጆች ስብሰባ የተዘጋጀ ንግግር

የተከበራችሁ ወላጆች፣ አሳዳጊዎችና መምህራን፣ እንደምን አረፈዳችሁ።

የእንስሳት ሐኪሞች ደጋግመን ከምንሰማቸው ቃላት አንዱ «ድንገት» ነው። «ሲጫወቱ ቆይተው ድንገት ነከሰው»፤ «ምንም ሳትነካው ድንገት ተነሳባት»። ዛሬ የምንነጋገረው በዚህች ቃል ላይ ነው። ውሻ በእርግጥ ድንገት የሚነክስበት ጊዜ ጥቂት ነው። አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ በገላው ይናገራል። ትንሽ ልጅ ግን ይህን አያነብም። ጥርሱን ያወጣ ውሻ የሳቀለት መስሎት ሊያቅፈው የሚሄድ ሕፃን አለ። ስለዚህ ማንበቡም ግቢውን ማስተካከሉም የአዋቂ ሥራ ነው።

ስልካችሁ ውስጥ ልጃችሁ የውሻውን አንገት አቅፎ የተነሳው ፎቶ ካለ ዛሬ ማታ አጉልታችሁ እዩት። የልጁን ፊት ተዉትና ውሻውን ተመልከቱ። አፉ ግጥም ብሎ ተዘግቷል? ጆሮው ወደ ኋላ ተለጥፏል? ፊቱን ከልጁ አዙሮ፣ የዓይኑ ነጭ በጎን በኩል ወጥቶ ይታያል? ምላሱ አፍንጫውን እየላሰ ነው? ምግብ ሳይኖር አፍንጫውን የሚልስ፣ እንቅልፍ ሳይመጣበት የሚያዛጋ ውሻ ተጨንቋል። «ልቀቁኝ» እያለ ነው። መታቀፍ ለእኛ ፍቅር ነው፤ ለውሻ ግን መያዝ፣ መውጫ ማጣት ነው። ከእነዚህ ሁሉ የከፋው ምልክት ድርቅ ማለት ነው፦ መብላቱን ወይም መተንፈሱን ገታ አድርጎ እንደ እንጨት ሲቆም የቀረው ጊዜ የሰከንዶች ነው። ጭራው መወዛወዙም አያታልላችሁ። ሽቅብ ቆሞ፣ ደርቆ፣ በአጭር በአጭሩ የሚንቀጠቀጥ ጭራ የደስታ ጭራ አይደለም።

ከዚያ ማጉረምረም ይመጣል። እዚህ ላይ ብዙዎቻችን እንሳሳታለን፤ ውሻው ልጁ ላይ አጉረመረመ ብለን በዱላ እንመታዋለን። የተመታው ውሻ ማጉረምረሙን ይተዋል፤ ፍርሃቱን ግን አይተውም። በሚቀጥለው ጊዜ ሳያስጠነቅቅ ይነክሳል፤ እኛም «ድንገት» እንላለን። ሲያጉረመርም ሳትጮኹ ልጁን ወደ እናንተ ጥሩት፤ ውሻውንም ወደ ማረፊያው አስገቡት። በኋላ ምን እንዳስጨነቀው አስቡ። ያለወትሮው የሚያጉረመርም ከሆነ ጆሮው፣ ጥርሱ ወይም ወገቡ እያመመው ሊሆን ስለሚችል አስመርምሩት።

ልጆቻችሁን እንዴት እንደሚነኩት አስተምሯቸው። ውሻው ራሱ ይምጣ፤ ልጁ አይሂድበት። በአንድ እጅ ደረቱን ወይም ትከሻውን ለ3 ሰከንድ ያህል ይደባብሰውና እጁን ይሰብስብ። ውሻው ተጠግቶ «ጨምርልኝ» ካለ ይቀጥል፤ ዞር ካለ በቃ። ከላይ አናቱን መምታት፣ ጭራ መጎተት፣ መጋለብ፣ ፊትን ከፊቱ ማስጠጋት ክልክል ነው። ትንሽ ልጅ ሲነከስ ቁስሉ ብዙ ጊዜ ፊቱና ጭንቅላቱ ላይ የሚሆነው ቁመቱ ከውሻው አፍ ጋር ስለሚስተካከል ነው። የሚበላ፣ የተኛ፣ የታመመ ወይም ቡችሎች የምታጠባ ውሻ ጭራሽ አይነካም። ለአቅመ ትምህርት ያልደረሰ ልጅ ደግሞ ከውሻ ጋር ብቻውን አይተው፤ አዋቂው በክንድ ርቀት መሆን አለበት። ወጥ ቤት ሆኖ በመስኮት ማየት ጥበቃ አይደለም፤ ንክሻ እናንተ ከወንበር እስክትነሱ አይቆይም።

አሁን ወደ ሰንሰለቱ ልምጣ። በብዙ ቤት ውሻ ቀን ይታሰራል፣ ማታ ይፈታል። የታሰረ ውሻ ሲፈራ መሸሽ ስለማይችል የሚቀረው ምርጫ ጥርሱ ብቻ ነው። ውሻው የታሰረበትን ችካል ዙሪያ እዩ፦ ሣር የሌለው፣ አፈሩ የላመ ክብ አለ። ያ ክብ ውሻው በእግሩ የሳለው ካርታ ነው። ግን ክቡ ላይ መቆም ደኅንነት አይደለም፤ ውሻው ሲዘል ገላው ከሰንሰለቱ ጫፍ አልፎ ይወጣል። ከክቡ ጠርዝ 1 ሜትር ጨምራችሁ ድንጋይ ደርድሩ ወይም ኖራ አፍስሱ፤ ልጆች ያንን መስመር እንዳያልፉ ዕለት ዕለት አሳስቧቸው። ኳስ ከገባ አዋቂ ያወጣል። አቅም ላለው ከሁሉም የሚሻለው አጥር ነው፦ ለመካከለኛ ውሻ ቢያንስ 2 በ3 ሜትር፣ ጥላና ውኃ ያለው፣ የሽቦው ቀዳዳ የሕፃን እጅ የማያስገባ፣ መቀርቀሪያው ከልጆች ቁመት በላይ የሆነ።

ቡችላ የምትወስዱ ደግሞ አትቸኩሉ። በአንድ ወሩ ከእናቱ የተነጠለ ቡችላ ሲያዩት ያሳሳል፤ ነገር ግን የንክሻውን ጉልበት መመጠን የሚማረው ከወንድሞቹና ከእናቱ ጋር ሲናከስ ነው። 8 ሳምንት ይሙላው። ከ3ኛው ሳምንት እስከ 3 ወሩ ገደማ ያለው ጊዜ ዓለምን የሚለምድበት ነው፤ በዚያ ወቅት ረጋ ያሉ ልጆችን፣ ድመትን፣ እንግዳን፣ የመኪና ድምፅን በመልካም ሁኔታ ያየ ውሻ ሲያድግ ፍርሃቱ ያነሰ ይሆናል። «ክፉ እንዲሆን» ብሎ በዚህ ዕድሜ ጨለማ ቤት መዝጋት የሚያወጣው ፈሪ ውሻ ነው። ፈሪ ውሻ ሌባና ልጅ አይለይም።

በዓል ሲመጣ ነገሩ ሁሉ ይጠብቃል። በጉ ይታረዳል፣ ደም ይሸታል፣ እንግዳ ይገባል፣ የማናውቃቸው ልጆች ግቢውን ይሞላሉ፣ አጥንት ይወረወራል። ጸጥተኛውም ውሻ አጥንት ይዞ ሳለ ሌላ ፍጡር ነው። ስለዚህ በዕርድ ቀን ውሻውን አስቀድማችሁ አብሉትና እንግዳ ከመግባቱ በፊት ዝጉበት። አጥንት ከሰጣችሁም ጥሬውን፣ እዚያው በተዘጋበት ይሁን። ተቀቅሎ የደረቀ አጥንት ተሰንጥቆ ጉሮሮና አንጀት ይወጋል። ይዞት የወጣውን ነገር ለመንጠቅ አትታገሉ፤ የተሻለ ቁራሽ ራቅ አድርጋችሁ ወርውሩና ትቶ ሲሄድ አንሱ።

የበጉ ሳንባና ጉበት ላይ ውኃ የቋጠረ እባጭ ካያችሁ ለውሻ አትጣሉ። በእባጩ ውስጥ ያለው ነገር በውሻው አንጀት ውስጥ የኮሶ ትል ዘመድ ወደሆነ፣ ከ1 ሳንቲ ሜትር ያነሰ ትል ያድጋል፤ ባለቤቱ አያየውም። እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ወጥቶ ጸጉሩ ላይ ይቀራል፤ ልጅ ይደባብሰዋል፣ ያንኑ እጁን አፉ ውስጥ ይከታል። ከዓመታት በኋላ በሰው ጉበትና ሳንባ ላይ በቀዶ ሕክምና የሚወጣ እባጭ የሚሆነው ይህ ነው። እንዲህ ያለውን የሆድ ዕቃ ውሻ ቆፍሮ ከማያወጣው ጉድጓድ ቅበሩት፤ ወይም 30 ደቂቃ በደንብ ቀቅሉት። ትሉን የሚገድለው ፕራዚኳንቴል ነው፤ መጠኑ በውሻው ክብደት በኪሎ 5 ሚሊግራም ነውና ከመስጠታችሁ በፊት አስመዝኑት። ቡችሎች ደግሞ ከ2 ሳምንታቸው ጀምሮ በየ2 ሳምንቱ የወስፋት መድኃኒት ይፈልጋሉ። ዓይነ ምድሩን በየቀኑ አንሱ፤ የወስፋት እንቁላል አፈር ላይ ሳምንታት ሲቆይ ነው ለልጅ አደገኛ የሚሆነው።

ስለ እብድ ውሻ በሽታ ረዘም አድርጌ መናገር አለብኝ። ምልክቱ አንዴ ከጀመረ በሽታው የሚገድል ነው፤ ከዚያ በፊት ግን በክትባት ሙሉ በሙሉ መከላከል ይቻላል። በሰው ላይ ከሚደርሰው ውስጥ 99 በመቶው የሚመጣው ከውሻ ነው። ያበደ ውሻ ሁልጊዜ አረፋ እየደፈቀ አይሮጥም። ክፉው ሊለሰልስ፣ ለስላሳው ሊከፋ፣ ድምፁ ሊቀየር፣ የታችኛው መንጋጋው ሊንጠለጠል ይችላል። «አጥንት አነቀው» ብላችሁ እጃችሁን አፉ ውስጥ አትክተቱ፤ ምራቁ በቁስል ከገባ በሽታው ሊይዛችሁ ይችላል።

ልጅ ከተነከሰ፣ ከተቧጨረ ወይም የተላጠ ቆዳው ከተላሰ፣ እዚያው በሚፈስ ውኃና በሳሙና ቁስሉን 15 ደቂቃ ሙሉ እጠቡት። ሰዓት እያያችሁ፤ 15 ደቂቃ ልጅ እያለቀሰ ረጅም ነው፣ ግን አታሳጥሩት። ሳሙናው ቫይረሱን ይገድላል። ቡና፣ በርበሬ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቅጠል አትለጥፉ፤ በጨርቅም አትጠምጥሙ። ከዚያ በቀጥታ ጤና ተቋም ሂዱ። ጠበልም ሆነ ባህላዊ መድኃኒት የሚፈልግ ቤተሰብ ከክትባቱ ቀጥሎ ይሂድ፤ በክትባቱ ፋንታ አይሁን። ክትባቱ በአብዛኛው በመጀመሪያው ቀን፣ በ3ኛው፣ በ7ኛውና በ14ኛው ቀን ይሰጣል፤ ቁስሉ ከደማ በቁስሉ ዙሪያ የሚወጋ ተጨማሪ መድኃኒት ሊያስፈልግ ይችላል። ልጁ ደኅና መሰለን ብላችሁ ቀጠሮ አትዝለሉ። በሽታው አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ወር ተደብቆ ይቆያልና።

ውሻውንስ? ባለቤት ካለው አትግደሉት። ለብቻው ዘግታችሁ 10 ቀን በእንስሳት ሐኪም ክትትል ይቆይ። ቫይረሱ ምራቁ ውስጥ የሚገባው ሕመሙ ከመታየቱ ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ ስለሆነ፣ በ10ኛው ቀን ጤነኛ ከሆነ በነከሰበት ሰዓት በሽታውን አላስተላለፈም። ሲገደል ይህ መረጃ አብሮ ይቀበራል። የልጁ ክትባት ግን 10ሩን ቀን አይጠብቅም፤ ዛሬውኑ ይጀመራል።

መንገድ ላይ ውሻ ከመጣበት ልጁ አይሩጥ። እንደ ምሰሶ ቀጥ ይበል፣ እጆቹን ይሰብስብ፣ ዓይኑን ጫማው ላይ ያድርግ። ከወደቀ ተጠቅልሎ አንገቱንና ጆሮዎቹን በእጁ ይሸፍን። ይህን ቤት ውስጥ እንደ ጨዋታ አለማምዷቸው።

ድመት ያላችሁ፣ አዲስ ውሻና ድመትን የመጀመሪያ ቀን ፊት ለፊት አታፋጥጡ። ለሳምንት ያህል በተለያየ ክፍል ይቆዩ፤ የአንዱን መተኛ ጨርቅ ለሌላው አሽቱት፤ በተዘጋ በር ግራና ቀኝ አብሏቸው። ሲተያዩ ውሻው በገመድ ይያዝ፣ ድመቷ የምትወጣበት ከፍ ያለ ቦታ ይኑራት። ሁለተኛ ውሻ ከሆነ ከግቢ ውጭ፣ ጎን ለጎን እየተራመዱ ይተዋወቁ፤ የምግብ ሳህናቸው የተለያየ ይሁን። ዶሮ በተመለከተ አጭር ነኝ፦ ክንፏን የምታራግብ ዶሮ የውሻን ደመ ነፍስ ትቀሰቅሳለች። አጥሩን አጥብቁ።

ለውሻውም እናስብለት። የሽሮም ሆነ የዶሮ ወጥ ትራፊ ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት አለበት፤ ሁለቱም የውሻንና የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳሉ። ቸኮሌትና ዘቢብም ይመርዛሉ። እንጀራውን ወጥ ያልነካው አድርጉት፣ በተቀቀለ ሥጋ ወይም ጉበት ለውሱለት። የአይጥ መርዝ አስቀምጣችሁ ከሆነ ልጅም ውሻም የሚደርስበት መሆኑን አስታውሱ።

የውሻችሁን የክትባት ካርድ ይዛችሁ የመጣችሁ፣ በስተግራ ያሉት ባልደረቦቻችን ቀኑን ያዩላችኋል። የመጀመሪያው የእብድ ውሻ ክትባት 3 ወር ሲሞላው ነው፤ ከዓመት በኋላ ይደገማል፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ቀጠሮ እንደ ክትባቱ ዓይነት ይለያያል። ለድመትም ይሰጣል። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ካልተቀመጠ ውኃ እንደመውጋት ነውና ከገበያ ገዝታችሁ በፌስታል አታምጡ። ካርድ የሌላችሁም ኑ፤ የውሻውን ዕድሜና ስም ንገሩን፣ አዲስ እንጽፍላችኋለን።